የዶጎን ጭምብል ስለጠቆረ ብቻ ጥንታዊ አይሆንም

«የዶጎን ጭምብል ከጠቆረና ምስጥ ከበላው መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሳታመነቱ ግዙ» የሚል ምክር ደጋግሜ አየሁ። በቅን ልብ የተጻፈ ይመስላል፤ ግን ልክ አይደለም። ሰምቶ የገዛ ሰው ለትናንት ሥራ የጥንት ዋጋ ይከፍላል።

በማሊ፣ ባንዲያጋራ ገደል አካባቢ የሚኖሩት ዶጎኖች ጭምብሉን የሚሠሩት ለጭፈራ ነው፤ በተለይ «ዳማ» ለሚባለው የሐዘን ማብቂያ ሥርዓት። ለሥርዓቱ ሲዘጋጅ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ቀለም እንደገና ይቀባል። ስለዚህ የቀለሙ ድምቀት አዲስነትን፣ ጥቁረቱም ዕድሜን አያረጋግጥም። ጥላሸት ለመቀባት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ምስጥም ቢሆን አዲስ እንጨት አይንቅም!

ይልቅ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ደጋግሞ የተለበሰ ከሆነ ግንባርና አገጭ የነካው ቦታ ለስልሶ ይገኛል፤ ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ጠርዝም ይበላል። ውስጡ ሁሉ እኩል ከጠቆረ ጠርጥሩ። ካናጋ የሚባለው፣ አናቱ ላይ መስቀል መሰል ረጅም እንጨት ያለው ዓይነት ከሆነ የላይኛው ጫፉ መፋቁን ተመልከቱ፤ ጨፋሪው ጎንበስ ብሎ እያዞረ መሬት ያስነካዋል።

ይህ ሁሉ ግን የሚነግራችሁ መጨፈሩን እንጂ ዓመቱን አይደለም። ለዓመቱ፣ ማን ከማን መቼ እንደገዛው የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ።