ሁለት ሜትር ባዶ ወለል

አርባ ዓመት አልፎኝም ጌም እጫወታለሁ። ቀን ሥራ እውላለሁ፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጆይስቲክ አነሣለሁ። "ይህ የልጅ ነገር መቼ ነው የሚለቅህ?" ለሚሉኝ መልስ መስጠት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ውጭ ሀገር አዲስ ኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን) በገዛሁ ቁጥር አሮጌው ሀገር ቤት ላለው ለእህቴ ልጅ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዱ ማሽን በሁለት ቤት ሲኖር የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ኮንሶል የሚሠሩ ሰዎች ልብ ውስጥ አስቀድሞ የተሣለ አንድ ቤት አለ። ያ ቤት የእኔም አይደለም፣ የእህቴም አይደለም።

ኪኔክትን እንውሰድ። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ለሚባለው ኮንሶሉ የሠራው፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚከታተል ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ሲወጣ መቆጣጠሪያው ራስህ ነህ ተባልን። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ብቻ 8 ሚሊዮን ተሸጠ። መመሪያው አንድ ተጫዋች ከመሣሪያው 1.8 ሜትር፣ ሁለት ከሆኑ ደግሞ 2.4 ሜትር ርቀው እንዲቆሙ ይመክራል፤ በመሃል ምንም ነገር መኖር የለበትም። ሜትር አውጥቼ የኪራይ ቤቴን ሳሎን ለካሁ። ሶፋውን ከግድግዳ አጣብቄ፣ ጠረጴዛውን ኮሪደር አውጥቼ ያገኘሁት 1 ሜትር ከ60 ነው። ከሥሬ ደግሞ ሰው ይኖራል። ዝላይ ያለበትን ጨዋታ በማታ መጫወት ጎረቤትን ለጠብ መጥራት ነው።

የእህቴ ሳሎን ሰፊ ነው። እነሱ ይጠቀሙበት ብዬ ገዝቼ ልልክላቸው ነበር፤ ኋላ ሳስበው ተውኩት። ሰፊ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፣ ሕፃን መሃል ላይ ይድሃል። ካሜራው እስከ ስድስት ሰው መለየት ቢችልም እያንዳንዷን እንቅስቃሴ የሚከታተለው የሁለቱን ብቻ ነበር። በር ልትከፍት የተነሣች አክስት ሳታስበው ተጫዋች ሆና ልትገኝ ትችላለች።

በ2013 የወጣው ኤክስቦክስ ዋን ኪኔክትን የግድ አብሮ ይዞ መጣ፤ በ2014 ያለ እሱም መሸጥ ተጀመረ፤ በ2017 ማምረቱ ራሱ ቆመ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በጠባብ ቤት ያሳብባል። እኔ ግን የገደለው ባዶ እጅ ነው ባይ ነኝ። ቁልፍ ስትጫን ጣትህ ያውቀዋል። እጅህን አየር ላይ ስትዘረጋ ግን ማሽኑ ይስማህ አይስማህ የምታውቀው ስክሪኑን አይተህ፣ ያውም ትንሽ ቆይተህ ነው። የሮቦት ተመራማሪዎች በአንጻሩ ወደዱት፤ ርቀት የሚለካ ካሜራ እንደዚያ በቀላሉ አግኝተው አያውቁም ነበር።

በ2006 የወጣው፣ መቆጣጠሪያውን በእጅ እያወዛወዙ የሚጫወቱበት የኒንቴንዶ ኮንሶል ዊ ታሪኩ ሌላ ነው። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ እኛ ዋናዎቹ ተጫዋቾች ነን የምንለው ደግሞ አሻንጉሊት ብለን ናቅነው። እኔም ንቄው ነበር፣ እናቴ እስክታሸንፈኝ ድረስ። አንድ ክረምት ይዤው ሄጄ ቦውሊንግ (ኳስ አንከባልለው አሥር እንጨት የሚጥሉበትን ጨዋታ) ከፈትን። እኔ ወለሉ መሃል ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ክንዴን ከኋላ ድረስ አምጥቼ እወነጭፋለሁ። እናቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ክርኗን ደገፍ አድርጋ፣ የእጇን አንጓ ብቻ ነቅነቅ ታደርጋለች፤ አሥሩም ይወድቃሉ።

"ምን ያንደፋድፍሃል ልጄ? ይኸው እንዲህ ነው እንጂ!"

እውነቷን ነበር። የመጀመሪያው የዊ መቆጣጠሪያ በዋናነት የሚለካው የፍጥነትን ለውጥ ነው፤ ክንድ የተጓዘበትን መንገድ በውል አያውቅም። መዞርን በትክክል የሚለካው ተጨማሪ ዕቃ የመጣው በ2009 ነው። እኔ የምወነጭፈው ለራሴ ትርኢት ኖሯል፤ እናቴ ይህን በአምስት ደቂቃ ደረሰችበት።

በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጠውን ቀጭን ዘንግ አንዱ ልጅ ገመዷን በጠሰባት። ቤቱ አዘነ። ያቺ ዘንግ ስሟ "ሴንሰር" ይሁን እንጂ አንዳች ነገር አታይም፤ በሁለቱ ጫፎቿ የኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ) መብራት ያዘለች ብቻ ናት። ካሜራው ያለው እጅ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ አፍንጫ ውስጥ ነው። ሻማም ኢንፍራሬድ ይሰጣል። ሁለት ሻማ አምጥቼ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ለኮስኩ፤ ሠራ። መብራት ሳይጠፋ ሻማ በርቶ ያየች ጎረቤት ደጃፉ ላይ ቆማ ግራ ገባት።

ዛሬ ከዚያ ሁሉ ዝላይና ውንጨፋ የተረፈው ትንሹ ነው፦ በጆይስቲኩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ጋይሮስኮፕ፣ መዞርን የሚለካ ትንሽ ዕቃ። በ2015 የወጣው ስፕላቱን የተባለ የተኩስ ጨዋታ ላይ እንደሚደረገው ሰፊውን መዞር በአውራ ጣት፣ ጥቂቷን ማስተካከያ ደግሞ ጆይስቲኩን ዘንበል በማድረግ ማነጣጠር ይቻላል። እኔ በዚህ እምላለሁ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይሠራል፣ ባዶ ወለል አይጠይቅም። የእናቴ አንጓ ማለት ነው።

ወደ ተኩስ ጨዋታው ስመጣ ነገሩ ይመርራል። በ1997 የወጣው ጎልደንአይ 007 የተባለ ጨዋታ አንዱን ቴሌቪዥን ለአራት ከፍሎ አራት ሰው ያታኩስ ነበር። በ2004 ሌላው የተኩስ ጨዋታ ሄሎ 2 በኢንተርኔት ከማላውቀው ሰው ጋር ማሽኑ ራሱ እንዲያጣምረኝ አደረገ፤ አሥር ደቂቃ ገድለን ሞተን እንለያያለን። ለውጭ ኑሮ ይህ ልክክ ያለ ነው። ማንም ቤቴ አይመጣም፣ ማንም ቤት አልሄድም፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ፊቱን ከማላውቀው ልጅ ስድብ እጠጣለሁ። በ2015 ሄሎ 5 ስክሪን መክፈልን ጭራሹን ተወው፤ የተሰጠው ምክንያት ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ነው የሚል ነበር። ለእኔ ጎኔ የተቀመጠ ሰው ከ60ው ምስል ይበልጥብኛል፤ ሠላሳውን ወስደው ሰውዬውን ይመልሱልኝ።

ሀገር ቤት አንድ ኮንሶል ፊት ስድስት ልጆች ይሰለፋሉ። የተሸነፈ ጆይስቲኩን ያስረክባል። ተሳዳቢ እዚያ ብዙ ዕድሜ የለውም፤ የሰደበው ልጅ ትከሻው ከትከሻው ተነካክቶ ተቀምጧልና። በ2013 ኤክስቦክስ ዋን ሲተዋወቅ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ራሱን ካላሳየ ጨዋታ አይከፍትም ተብሎ ነበር። ኢንተርኔት የሌለው ምን ይሁን ሲባል አንድ ኃላፊ ኤክስቦክስ 360 አለላችሁ አለ። ጩኸቱ በርትቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሳኔው ተሻረ። እኔ በዚያ ሰሞን የማስበው ስለ ስድስቱ ልጆች ነበር። የተሣለው ቤት ውስጥ እነሱ አልነበሩም።

ያም ሆኖ የእህቴ ልጅ አድጎ ኢንተርኔት ሲያገኝ በአንድ የተኩስ ጨዋታ ልንገናኝ ሞከርን። ጨዋታውን የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለው ለእኔ ቅርብ፣ ለእሱ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የኢንተርኔት መልእክት ተሸክሞ የሚሄደው ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ደርሶ መልሱ በቀጥታ መስመር እንኳን 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ መልእክቱም በየመንገዱ ይቆማል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመዘግየቱ ቁጥር በሚሊሰከንድ የእኔ 20፣ የእሱ 180 ይላል።

"ጋሼ፣ ግድግዳው ጀርባ ገብቼ ነው እኮ የገደልከኝ!"

እኔ ያየሁት ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ሁለታችንም አልዋሸንም። ሰርቨሩ ተኩስ ሲመዘን ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ ተኳሹ ያየውን ነው የሚያምነው፤ የእሱ ግድግዳ እኔ ጋ አልደረሰም ነበር። እሱም በተራው በር ዘግቼ ካለፍኩ በኋላ ሁለቴ ገድሎኛል። እንዲህ ስንከራከር ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ጨዋታውን ዘግተን ስለ ትምህርቱ አወራን።

ባለፈው በስልክ፣ "ስመጣ ምን ላምጣልህ?" አልኩት። አዲሱን ኮንሶል ይላል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ሁለተኛ ጆይስቲክ ብቻ፣ ጋሼ። ገመድ ያለውን፤ ባትሪው መሃል ላይ ይሞትብናል።"

አሁን አብዛኛው ያለ ገመድ ሆኗል። ስፈልግ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።