«የከተማ አንባቢ» የምትሉት ሰው ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖረው

ሰሞኑን በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ አንድ አሳታሚ የተናገሩት ነገር እስካሁን ውስጤን እየበላኝ ነው። ስለ ገጠር ሕይወት የተጻፈ ረቂቅ ከእንግዲህ አንቀበልም አሉ። ምክንያታቸው ሦስት ነው። አንደኛ፣ መጽሐፍ የሚገዛው የከተማ ሰው ነው፤ የከተማ ሰው ደግሞ ማንበብ የሚፈልገው የራሱን ሕይወት ነው። ሁለተኛ፣ ቃላቱ አይገቡም፤ ሞፈርና ቀንበር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ የለም። ሦስተኛ፣ ዘመኑ አልፎበታል። ተናግረው ሲጨርሱ ተጨበጨበላቸው። ከንግግሩ ይበልጥ የከነከነኝ ጭብጨባው ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ከሦስቱም ውሃ የማያነሳው እሱ ነውና።

ቃላቱ አይገቡም? ፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን ሲያወጣ ሐመር የት እንዳለ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ስንት ነበር? ወጣቱ ከብት የሚዘለው ለምን እንደሆነ፣ ኢቫንጋዲ መቼ እንደሚጨፈር ማን ነገረን? መጽሐፉ ነው የነገረን። ሰው እየተዋሰ፣ እየተቀባበለ አነበበው። «ቃሉ አልገባኝምና ብሬን መልሱ» ያለ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ደግሞስ የትርጉም መጻሕፍትን እንዴት ነው የምናነበው? የለንደንን ጭጋግና የሩሲያን በረዶ በአማርኛ እያነበብን ነው ያደግነው። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ከመካከላችን ማን አይቶ ያውቃል? ግን ገባን። የሞስኮ ክረምት የገባው አንባቢ የወሎው ደላንታ ክረምት እንዴት ነው የማይገባው? አንባቢ ገጹ ላይ «እርፍ» የሚል ቃል ቢያይ፣ ሁለት መስመር ዝቅ ሲል ገበሬው እርፉን ጨብጦ በሬዎቹን ሲነዳ ያገኘዋል። አለቀ። አንባቢን እንደ ሕፃን መቁጠር ነውር ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ማንኩሳን ካርታ ላይ ማሳየት የሚችል የከተማ አንባቢ ብዙ አልነበረም። ዛሬም የለም። ግን በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሣን የማያውቅ ማን አለ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከተማው ሥራውን ትቶ አዳመጠ። ያ መጽሐፍ ስለ ባላገር፣ ስለ ባላባት፣ ስለ ቆሎ ተማሪ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ም ደብረ ሲና አካባቢ ነው መሬቱ። ዛሬ ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ረቂቅ ይዘው እኚህ አሳታሚ ቢሮ ቢሄዱ፣ ሳይነበብ ይመለስላቸው ነበር። ይህን ማሰብ ራሱ ያናድዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የከተማ አንባቢ ብለዋል። የትኛው ከተማ?

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ከተማው አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። አሳታሚው «የከተማ ሰው» ሲሉ በዓይነ ሕሊናቸው የሚመጣው ቦሌ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ይመስለኛል። ያ ሰው አለ። ግን አዲስ አበባ ባለፉት ሃያ ዓመታት ወዴት እንዳደገች ይመልከቱ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ሕዝቡ ወደ ዳር ወጥቷል። ከዳርም አልፎ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ያድርና ጠዋት ተሰልፎ መሀል ከተማ ይገባል። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ጊዜ ያለው ይኸው ሰው ነው።

ይህ ሰው ነው ገጠርን የማያውቀው? ከብሎካችን ጀርባ ያለው መሬት መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽምብራ ይዘራበታል። ጤፉ አሽቶ ሲዘናፈል ከአራተኛ ፎቅ ይታያል። የሽምብራው እሸት ሲደርስ ሴቶቹ ከነቅጠሉ በእስር በእስር አድርገው ታክሲ ተራው ላይ ይሸጡታል። የቢሮ ሠራተኛው ላፕቶፑን በትከሻው፣ እሸቱን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጆቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው እየፈለፈሉ ይበሉታል። ገለባው ጠዋት ድረስ ደረጃው ላይ ነው፤ በሱም ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። በበጋ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ በሬዎች አውድማ ላይ ሲዞሩ ይውላሉ።

ብሎካችን ውስጥ ማን ይኖራል? ጥበቃው የደቡብ ወሎ ሰው ነው። እንጀራ የምትጋግርልን ልጅ ከሰላሌ ነው የመጣችው። ወተት የሚያመጡልን አባወራ እዚሁ ኮዬ የተወለዱ ኦሮሞ ገበሬ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ከብት ጥቂት ላሞች ቀርተዋቸዋል። አንዱ ጎረቤቴ ለመስቀል ጉራጌ ሳይገባ አይቀርም፤ ተበድሮም ቢሆን ይገባል። ባለ ዲግሪው የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ ጤፉን ከአገር ቤት የሚያስጭን ሰው ነው። ስልኩ ሲጠራ የሚሰማው ዝናብ ስለመዝነቡና በሬ ስለመታመሙ ነው። አሳታሚው እንዳሉት ሰው ማንበብ የሚፈልገው የራሱን ሕይወት ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ማንበብ የሚፈልጉት የገጠር መጽሐፍ ነው። የራሳቸውን ክርክር ይዘን ብንሄድ እንኳ የምንደርሰው እዚህ ነው።

ታክሲ ተራው ላይ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ የሚዞር ልጅ አለ። ከላይ የሚደረድረው የስኬት መጻሕፍትን ነው፤ እንዴት ሀብታም እንደሚኮን፣ እንዴት በሌሊት እንደሚነሡ። አሮጌዎቹ ከታች ናቸው። ማን ምን እንደሚገዛ ጠየቅሁት። ጥበቃዎቹና የግንባታ ሠራተኞቹ የሚጠይቁት ከታች ያሉትን ነው አለኝ። «የአገር ቤት ነገር ያለበት» ነው የሚሉት። ግን አዲስ አይወጣም። ያለው የድሮው ነው፤ እሱም ጠርዙ ተበልቶ በፕላስተር የተጠገነ። የኛ ጥበቃ ደመወዝ ሲወጣ ሊከፍል አንዱን በዱቤ ወስዷል። መጽሐፍ በዱቤ የሚገዛ አንባቢ ባለበት አገር ነው «ገበያ የለም» እየተባለ ያለው! እኔ የምለው፣ አንድ ጥሩ የገጠር ልብ ወለድ ታትሞ በእነዚህ ሰፈሮች በየታክሲ ተራው ቢዞር ወር ሳይሞላው ያልቃል። ሞክሮ ያጣ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

መብራት ሲጠፋ፣ እዚህ ሰፈር ደግሞ ከጠፋ ቶሎ አይመጣም፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እማማ የብሎኩን ልጆች ደረጃ ላይ ሰብስበው ተረት ያወራሉ። የመንዝ ሰው ናቸው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚለው ጩኸት እስከ ምድር ይሰማል። ጅቡ ሲሞኝ፣ ጦጣዋ ስታታልል ልጆቹ ስልክ ትዝ አይላቸውም። አንድ ምሽት አንዱ ልጅ «እማማ፣ የዚህ ተረት መጽሐፍ የት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠየቃቸው። «መጽሐፍ የለውም ልጄ፤ እናቴ ናት የነገረችኝ» አሉት። ይህ ልጅ ገዢ ነው። ገንዘቡን የሚከፍልለት አባትም አለው። የሚሸጥለት ነው የጠፋው።

አባባ ተስፋዬ ከባሌ ተነሥተው፣ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን የልጅ ሁሉ አያት የሆኑት በምን ነበር? በነዚሁ ተረቶች ነው። ፎቅ ላይ የተወለደውም፣ ጎጆ የተወለደውም እኩል ነበር የሚያዳምጣቸው። ከየክልሉ ተረት አዋቂዎች ዘንድ እየዞረች የሰበሰበችውስ ማን ናት? እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ፣ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆና። ሥራዋን አከብራለሁ፤ ባትሰበስበው ኖሮ ብዙው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። የሚያንገበግበኝ የኛ ነገር ነው። እሷ ከእንግሊዝ መጥታ የአፋርንና የሶማሌን ተረት ለመስማት መንገድ ወጣች። የኛ አሳታሚ ቱሉ ዲምቱ ድረስ እንኳ አልመጡም።

ወተት የሚያመጡልን አባወራም ተረት ያውቃሉ፤ የሚያወሩት ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። ከብሎካችን ልጆች ግማሹ ይሰማቸዋል፤ ግማሹ ሳቁን ብቻ ነው የሚከተለው። ከእንግሊዝኛ ለማስተርጎም ገንዘብ የሚያገኝ አሳታሚ ከጎረቤት ቋንቋ ለማስተርጎም እንዴት ያጣል?

አንድ ጓደኛዬ የደላንታ ልጅ ነው። ስለ አባቱ መንደር ልብ ወለድ ጽፎ ለአንድ አሳታሚ ድርጅት ሰጠ። የተመለሰለት አስተያየት የሚከተለው ነው። ሰዎቹ «ደረጃውን በጠበቀ» አማርኛ ይናገሩ። ታሪኩ ወደ አዲስ አበባ ቢዛወር ጥሩ ነው። ዋናው ሰውዬ ከገበሬ ይልቅ የባንክ ሠራተኛ ቢሆን ይመረጣል። አባትህን የባንክ ሠራተኛ አድርገህ ጻፍ ማለት ነው! መጽሐፉ ውስጥ ሊታጨድ ሲል በረዶ የመታው የገብስ ማሳ አለ። ሰውዬው ማሳው ዳር ቆሞ አንድ ቃል አይናገርም፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን ዘለላ ያነሣና በመዳፉ ያሸዋል፤ ፍሬ የለውም። ሚስቱ ከሩቅ ታየዋለች፤ አትጠጋውም። ያን ገጽ አንብቤ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ይህን ማሳ ባንክ ውስጥ የት ያስቀምጠው? የወሎ ሰው አነጋገር ያልተሰማበት የወሎ ታሪክስ ምኑ ነው የወሎ?

ዘመኑ አልፎበታል ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ከአምስት ኢትዮጵያዊ አራቱ ገደማ ዛሬም የሚኖረው ገጠር ነው። የዚህ ሁሉ ሕዝብ ኑሮ ዘመን ካለፈበት፣ ዘመኑ የማን ነው?

ወረቀት ተወዷል የሚለኝ ካለ እቀበላለሁ። እውነት ነው፤ የመጽሐፍ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ግን ወረቀቱ ታሪኩ የገጠር ይሁን የከተማ አይጠይቅም። በሌሊት ስለመነሣት የሚመክረው መጽሐፍም የሚታተመው በዚያው ውድ ወረቀት ነው።

የውሃ ዳር ኑሮማ ጭራሽ ተረስቷል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የለንም። ስለ ቀይ ባሕር የሚከራከር ሰው ግን በየካፌው ሞልቷል። ምጽዋና አሰብ ላይ ጭነት ሲያወርድ፣ መረብ ሲጥል፣ ሙቀቱን ሸሽቶ ጣሪያ ላይ ሲያድር የኖረ ሰው ሕይወት በስንት የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ አነበባችሁ? ያን የሚያስታውሱ ሰዎች አርጅተዋል። ቀርቦ የሚጠይቃቸው ይፈልጋሉ።

ሐይቆቻችንስ? ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣውን ፈጣን መንገድ ይዞ፣ በሞጆና በመቂ አድርጎ ዝዋይ ለመግባት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሐይቁ ላይ ደሴቶች አሉ። የራሱ ቋንቋ ያለው፣ በታንኳ የሚመላለስ፣ ከዓሣ ጋር የኖረ ዛይ የሚባል ሕዝብ አለ። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችው ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ነው ብለው ይተርካሉ። ማዕበል ላይ ታንኳ፣ ታንኳው ላይ ታቦት፣ ታቦቱን ያቀፉ የፈሩ ሰዎች። ይህ ልብ ወለድ አይወጣውም? እኛ ግን ዝዋይ የምንሄደው ዓሣ ለመብላት ነው።

አፋርም ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግመል የት እንደጠፋ፣ ማን እንደሞተ። አጣሞ ማውራት ያሳፍራል። ትረካን በዚህ ጥንቃቄ የያዘ ሕዝብ ታሪክ «ቃላቱ አይገቡም» ተብሎ በር ሊዘጋበት አይገባም።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልስ አለኝ። ኮንዶሚኒየሞቻችን ኮሚናል የሚባል የጋራ መገልገያ ቤት አላቸው። የኛ ብዙውን ጊዜ ቁልፍ ነው፤ ለቅሶ ወይም ድግስ ሲኖር ይከፈታል። አንዱን ክፍል ለመጽሐፍ መስጠት የኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ነገር ነው፤ ከኮዬ እዚያ ደርሶ ለመመለስ ግን ተማሪ ልጅ በየቀኑ የታክሲ ብር የለውም። ለኮሚቴያችን ጥያቄውን አቅርቤአለሁ። እማማም ሲመሽ መጥተው ሊያወሩ፣ እኛም በስልክ ልንቀዳቸው ተስማምተናል። የተቀዳው ይጻፋል።

አሳታሚው ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የገጠር መጻሕፍት አስጭነው እዚህ ይምጡ። ታክሲ ተራው ላይ ጠረጴዛውን እኔ አዘጋጃለሁ። የጓደኛዬንም ረቂቅ ይዤ እጠብቃቸዋለሁ፤ ገበሬው ገበሬ እንደሆነ፣ አገሩም ደላንታ እንደሆነ።