የሰው መታወቂያ ለሰፈር የምትበትኑ ሆይ!

በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ በጀሞ፣ በሐና ማርያም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በእናንተ ነው። «ስልካችን ይጠለፋል፣ ፌስቡክ ጉዳችንን ይቸረችራል» እያላችሁ ታክሲ ውስጥ ስትማረሩ እሰማለሁ። ተማረሩ፣ ይገባል። ግን ያው የሚማረረው ሰው ከታክሲ ወርዶ የፋይዳ መታወቂያውን ለማያውቀው ሰው በቴሌግራም ሲልክ ሁለቴ አያስብም። የራሱን ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የሚስቱን፣ የልጁንና የቤት ሠራተኛውንም አብሮ ነው የሚልከው።

የታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ካሉት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች አንዱ ጋ ቆም በሉና ተመልከቱ። ፋይዳውን በካርድ ማሳተም የፈለገ ሁሉ ፋይሉን ለቤቱ ቴሌግራም ይልካል። ልጁ ያወርዳል፣ ያትማል፣ ብሩን ተቀብሎ «ቀጥሎ!» ይላል። ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። ኮምፒውተሩ ላይ «ፋይዳ»፣ «ፋይዳ አዲስ»፣ «ፋይዳ 2» የሚሉ ፎልደሮች ተደርድረዋል። እስክሪኑ ወደ ወረፋው ስለዞረ የሰው ፊት፣ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀንና ስልክ ቁጥር ለተሰላፊው ሁሉ ይታያል። የተበላሸው ኮፒ ቅርጫት ይገባል፤ ከዚያ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ቢመለስ አይግረማችሁ። ልጁ ከወቀሳ አይድንም። ግን «እያየሁ አጥፋልኝ» የሚል ደንበኛ የታለ? መልስ አምስት ብር ሲጎድልበት ወረፋውን አስቁሞ የሚጨቃጨቅ ሰው ለስሙና ለፊቱ ሲሆን አፉ ይያዛል።

የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የትውልድ ቀን ግን አይቀየርም። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ በሙሉ ስማችሁ የሚጠራችሁ አጭበርባሪ ስሙን ከሰማይ አላወረደውም። ስም ጠርቶ ካሳመናችሁ በኋላ የሚቀረው ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ኮድ ማስነበብ ብቻ ነው።

«ሕግ የለም እኮ» የምትሉም አላችሁ። አለ! የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃችሁን የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚፈልገው መናገር፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለመጠየቅ፣ ጉዳዩ ሲያልቅም ይዞ አለመክረም ግዴታው ነው። ምን እንደያዘባችሁ የመጠየቅ፣ ስህተቱን የማሳረምና የማስጠፋት መብት አላችሁ። መረጃው ቢያመልጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። የጤና፣ የጣት አሻራ፣ የብሔርና የሃይማኖት መረጃ ደግሞ ከሌላው የጠበቀ ጥበቃ አለው። ይህን ሁሉ መብት ይዛችሁ «ኮፒው ለምን ያስፈልጋል?» ብላችሁ ለመጠየቅ የምታፍሩት ለምንድን ነው? እኛ ሰፈር ለጂም ለመመዝገብ እንኳን የመታወቂያ ኮፒ ይጠየቃል። ክብደት ለማንሳት!

የኮንዶሚኒየም በር ላይ ደግሞ መዝገብ አለ። እንግዳ ስሙን፣ የሚሄድበትን ብሎክና ስልኩን ጽፎ ይገባል። መዝገቡ ገጹ እንደተገለጠ ጠረጴዛ ላይ ስለሚውል ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ ከሱ በፊት የገቡትን ሁሉ ስም ከነስልካቸው እያነበበ ይጽፋል። ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች ልጅ ማታ «ቀን አይቼሽ ነበር» የሚል ስልክ ሲደወልላት ጥበቃውን ትረግማለች። መዝገቡን ያዘዘው ግን ኮሚቴው ነው። ስምና ብሎክ ይበቃል፤ የሚጎበኘው ሰው ስልክ አለው፣ ተደውሎ ይጠየቅ።

የባሰው ግን የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንዲት እናት የጆሮ ወርቃቸው ጠፋ። ጣቢያ ከመሄዳቸው በፊት የሠራተኛቸውን ፎቶ፣ የቀበሌ መታወቂያዋን በሁለት በኩል፣ የተያዧንም መታወቂያ ጨምረው «ይህቺን ሌባ ያያችሁ» ብለው ለቀቁት። ከየፎቁ «አቤት ጭካኔ!» ጎረፈ። ወደ ሌሎች ሰፈሮች ግሩፖች የላኩት ደግሞ በጎ የሠሩ የመሰላቸው ሰዎች ናቸው። ወርቁ በኋላ ምራታቸው ጋ ተገኘ፤ ለሠርግ ተውሳው ነበር። እናቲቱ «ተመስገን ተገኘልኝ» ብለው ጻፉ፤ የልብ ምልክት በላይ በላዩ ተደረደረ። ስለ ልጅቷ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ፎቶዋም «ሌባ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታድር ልጅ በየትኛው ደላላ በኩል፣ በየትኛው ተያዥ ሌላ ሥራ ታገኛለች?

ይህን ለመከልከል ኢንተርኔት እስኪመጣ አልተጠበቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይደነግጋል። አንቀጽ 31ማ የምስጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ለሌላ እንዳይገልጥ ያዝዛል። የጓደኛችሁን ቻት እስክሪንሾት አንስታችሁ የምታዘዋውሩ፣ ሰማችሁ? ወርቅ ከተሰረቀ ጣቢያ አለ። መታወቂያው ለመርማሪው ይሰጥ።

በበጎ ሐሳብም የሰው ገበና ይገለጣል። ኩላሊቱ ለታመመ ጎረቤት ብር ስናሰባስብ የሐኪም ማስረጃውን ከነካርድ ቁጥሩ ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን። ማስረጃ ካልታየ ሰው አይሰጥም፤ በበሽተኛ ስም የሚለምን አጭበርባሪ ስለበዛ አልፈርድም። ግን ወረቀቱን የእድሩ ዳኛና ሁለት ሰዎች አይተው «አይተናል፣ እውነት ነው» ቢሉ አይበቃም? ሰውየው ድኖ ሥራ ሲፈልግ በሽታውን ቀጣሪው ቀድሞ ያውቀዋል። እሱ ራሱ «ለጥፉት» ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጠይቀው የለም። አልጋ ላይ ሆኖ ከዘመድ ይሰማል።

«ሌባ ካልሆነ ምን የሚደብቀው አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰውዬ ደሞዙን ለገዛ ወንድሙ አይናገርም። የባንክ ቡኩን ሚስቱ ከማታውቀው ሣጥን ውስጥ ነው የሚያኖረው። የራሱን በሰባት ቁልፍ ቆልፎ የሰውን በአደባባይ የሚያሰጣ ስለ ሐቀኝነት አያስተምረኝ።

ኮሚቴዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከውሃ ሞተሩና ከቆሻሻው ጉዳይ በፊት ይህን አንሱት። የበሩ መዝገብ ላይ ያለው የስልክ ዓምድ ይሰረዝ፤ የሞላው መዝገብም የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚቃጠል ይወሰን። የግሩፕ አድሚኖች፣ የልጅቷን ፎቶ ዛሬ ማታ አጥፉት፤ ከእናንተ ስልክ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም። ወደ ሌላ ግሩፕ የላካችሁም እዚያው ገብታችሁ ሰርዙ። እናታችን ደግሞ «ተመስገን» ባሉበት ግሩፕ ላይ የልጅቷ እጅ እንደሌለበት በስማቸው ይጻፉ። ለተያዧም ይደውሉላት፤ ቁጥሯ እንደሆነ ሁላችንም ስልክ ውስጥ አለ።