የሚያስፈራው የሚሰማው ነው ወይስ የሚታየው?

የክርክሩ ጭብጥ፦ «አስፈሪ ፊልም ራሱን የቻለ ዘውግ ሆኖ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ያቆመውም ድምፅ ነው።»

ደጋፊ

«ድምፅ አልባ» የምንለው ሲኒማ ጸጥ ያለ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል፤ ተመልካቹ መቼ መፍራት፣ መቼ መረጋጋት እንዳለበት ይነግረዋል። ጸጥታ ራሱ ሲኒማ ቤት የገባው ከድምፅ ጋር ነው። የ1931ዱን «ድራኩላ» ይመልከቱ፦ ከመክፈቻው የቻይኮቭስኪ ዜማና ከቲያትር ቤቱ ትዕይንት ሌላ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። ካውንት ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ቃሉን ጎትቶ ጎትቶ ዝም ሲል፣ ከዚያ ዝምታ የሚያወጣን ፒያኖ የለም።

ተቃዋሚ

ወዳጄ፣ ችግርን ጥበብ አደረጉት። ያኔ ንግግርና ሙዚቃ ለየብቻ ተቀድተው በኋላ ሲደባለቁ ጥራታቸው ይወርድ ነበር። አብረው ይቀዱ ቢባል ደግሞ ፊልሙ በተቆረጠ ቁጥር ዜማውም ይቆረጣል።

ለመሆኑ ወላጁ ድምፅ ከሆነ ለምን በ1928 አልወለደም? የዋርነር «ዘ ቴረር» ከዳር እስከ ዳር የሚናገር አስፈሪ ፊልም ነበር፤ የተዋንያኑ ስም እንኳ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ነው የቀረበው። ዘውግ ግን አላቆመም። «ድራኩላ»ም ቢሆን እንግሊዝኛው በተቀረጸበት ስቱዲዮና መድረክ፣ ሌሊት ሌሊት በሌሎች ተዋንያን በስፓኝኛ ተቀርጿል። ቴክኖሎጂው ያው ነው፤ እዚያ ግን ካሜራው ደረጃውን ሽቅብ ተንሸራቶ ካውንቱ ፊት ይደርሳል። ለእኔ የሚያስበረግገው እሱ ነው።

ደጋፊ

የ1928ቱ መልስ ሸክላው ነው። የ«ዘ ቴረር» ድምፅ ያለው ሸክላ ላይ ነበር፦ ስፋቱ 16 ኢንች፣ በደቂቃ 33⅓ ዙር፣ ለአንድ ጥቅል ፊልም አንድ ሸክላ፣ 11 ደቂቃ ገደማ። ፊልሙ ተበጥሶ 12 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቢጣል፣ በሴኮንድ የሚያልፈው 24 ነውና ከንፈርና ድምፅ በግማሽ ሴኮንድ ይለያያሉ። የማሽን ሠራተኛው 12 ጥቁር ፍሬም ካልቀጠለበት ጥቅሉ እስኪያልቅ አይገናኙም። ሸክላን ደግሞ ቆርጠው አይቀጥሉትም። ድምፅ በብርሃን ፊልሙ ጠርዝ ላይ መታተም ሲጀምር ነው መቀስ የነካው።

መቀሱ ምን እንደሠራ በዚያው ዓመት በ1931 «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» ላይ ይሰማል። ሐኪሙ ጄኪል ወደ ጨካኙ ሃይድ ሲለወጥ የምንሰማውን ለማግኘት ዳይሬክተሩ ሩበን ማሙሊያን ጎንግ (ትልቅ የናስ ሰሌዳ) አስመታ፤ ምቱ ያረፈበትን ቅጽበት ቆርጦ ጣለ፤ የቀረውን ንዝረት ገልብጦ አስኬደው። ጆሯችን የለመደው ጮክ ብሎ ጀምሮ የሚሟሽሽ ድምፅ ነው። ይህ ከምንም ተነሥቶ እያበጠ ይመጣል፤ ምን እንደተመታ አይታወቅም። ከሥሩ የልብ ትርታ አለ፤ ማሙሊያን እንደተናገረው ደረጃ ሮጦ ወጥቶ ወርዶ የቀዳው የራሱ ልብ ነው።

ተቃዋሚ

ያንኑ ትዕይንት ድምፁን ዘግተው ይዩት። ቀረጻው ሳይቋረጥ፣ ዐይናችን እያየ፣ ፊቱ ይጠቁራል። ጄኪልንም ሃይድንም የሚጫወተው የፍሬድሪክ ማርች ፊት ላይ ሸንተረሩ በቀይ ሜካፕ ተሥሏል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነውና በቀይ ፊልተር (ሌንሱ ፊት በሚደረግ ባለቀለም መስታወት) ሲታይ ቀዩ ከቆዳው እኩል ስለሚነጣ አይለይም፤ ካሜራማኑ ካርል ስትራስ ፊልተሩን ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ሲያሸጋግረው ቀዩ ይጠቁርና ሸንተረሩ ከቆዳው ውስጥ የወጣ ይመስላል። ከቸኮለ ከፊቱ ጋር የክፍሉም ብርሃን ይዘልና ተንኮሉ ይነቃል። ለቀይ የማይነቃው አሮጌው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ለዚህ አይሆንም፤ ቀለሞችን ሁሉ የሚያየው ፓንክሮማቲክ ያስፈልጋል። ደግሞ ይህን ዘዴ ድምፅ አላመጣውም፤ ስትራስ በ1925ቱ ድምፅ አልባ «ቤን ኸር» ለምጻሞቹ ሲነጹ ሠርቶበታል።

ደጋፊ

እሱን ማንሣትዎ ለእኔ ነው የጠቀመኝ። «ቤን ኸር» ላይ ዘዴው ተአምር ነበር፤ ተመልካቹ ተጽናናበት። ያው ካሜራማን፣ ያው ፊልተር፤ ጎንጉና ልቡ ሲጨመርበት ሰው ደነገጠ።

ተቃዋሚ

ያው አይደለም። «ቤን ኸር» ላይ ፊልተሩ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሄደ፤ ቁስሉ ጠፋ። እዚህ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሄደ፤ ሸንተረሩ መጣ። ማሙሊያን ጎንጉን ከመገልበጡ በፊት ስትራስ ፊልተሩን ገልብጦት ነበር።