የተኮራረፉ ሰዎች አብረው ያሸንፋሉ?

ጥያቄው አጭር ነው። ባሕርያቸው ለየቅል የሆነ፣ ከነጭራሹም የማይነጋገሩ ሰዎች አንድ ላይ ጥሩ ሥራ መሥራት ይችላሉ? አንዱ ተከራካሪ ነፍሱን ለማንቼ (ለማንችስተር ዩናይትድ) የሰጠ ደጋፊ ነው። ሌላዋ የሆቴል ወጥ ቤት የምትመራ ሼፍ ናት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የማንቼው፦ ይችላሉ! ምስክሮቼ አጥቂዎቹ አንዲ ኮልና ቴዲ ሸሪንግሃም ናቸው። በ1995 ኮል ለእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጫወት ዌምብሌይ ላይ ሸሪንግሃምን ቀይሮ ሲገባ፣ የሚጨብጠው ወይ "አይዞህ" የሚለው መስሎት ነበር። ሰውየው ዝም ብሎት አለፈ። ይኼው ሰው በ1997 ማንቼ መጣና አንድ መልበሻ ክፍል ገቡ። ለዓመታት ሳይነጋገሩ ተጫወቱ። ውጤቱስ? በ1999 ሦስት ዋንጫ፣ ሊጉ፣ ኤፍ ኤ ካፑ፣ ቻምፒየንስ ሊጉ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

ሼፏ፦ ቆይ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን። ኮል በዚያ ዓመት ከማን ጋር ሆኖ ነው ያገባው? ከድዋይት ዮርክ ጋር! ዮርክ 29፣ ኮል 24፣ አንድ ላይ 53 ጎል። ልጆቹ ደግሞ ከሜዳ ውጭም ጓደኛሞች ነበሩ። ካምፕ ኑ ላይ ባርሴሎና ላይ ያገቧትን አስታውሳት፤ ዮርክ ኳሷን ሳይነካ ለኮል ያሳለፋት፣ ከዚያ ተቀባብለው የጨረሷት። ያቺ ጎል በኩርፊያ ትገኛለች? የቻምፒየንስ ሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ሸሪንግሃም ባከነ ሰዓት አቻ ሲያደርግ፣ ቀጥሎም በጭንቅላቱ ገጭቶ ያሳለፈውን ሶልሻየር ሲጨርስ ኮል ሜዳ ላይ አልነበረም። ሶልሻየር የገባው እሱን ቀይሮ ነው።

የማንቼው፦ እሺ፣ በዮርክ በኩል አገኘሽኝ። ግን አሠልጣኛችን ፈርጉሰን ኮልንና ሸሪንግሃምን አስታርቆ እስኪጨርስ አልጠበቀም። ሥራህን ሥራ፣ በቃ። እኛ ጋ ሁለት ሰው ሲጋጭ ሽማግሌ ይጠራል፣ ይሳሳማሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ በነጋታው ቂሙ እዚያው ነው። ደሞ ፍቅርም ቢሆን ሁልጊዜ አያዋጣም። አቴንስ 2004 በ10,000 ሜትር ቀነኒሳና ስለሺ ኃይሌን እየዞሩ እያዩ ፍጥነታቸውን ቀነሱለት። ኃይሌ ግን 5ኛ ወጣ።

ሼፏ፦ እነሱስ ስንተኛ ወጡ? 1ኛና 2ኛ! ፍቅሩ ምን አስከፈላቸው ታዲያ? ኩርፊያ ምን እንደሚያስከፍል እኔ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቤት ሁለት ምግብ አብሳዮች ተኮራርፈው ነበር። ማንም አልጮኸ፣ ማንም አልተሳደበ፣ ሰሃን ብቻ ነበር የሚንኳኳው። አንድ ቀን ማታ አንደኛው ሥጋ ማለቁን እያወቀ ለሌላኛው ሳይነግረው ቀረ፤ አስተናጋጇ ደግሞ ምኑንም ሳታውቅ ስምንት ሰው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ስምንት ጥብስ ተቀብላ መጣች። ለምን አልተናገርክም ስለው "ማን ጠየቀኝ?" አለኝ። ጭቅጭቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሚጨቃጨቁ ሰዎች ቢያንስ ሥጋ ማለቁን ይናገራሉ።

የማንቼው፦ (ይቺ "ማን ጠየቀኝ" እኛ ቢሮም አለች፣ ታቃጥላለች።)

ሼፏ፦ ፈረንሳይን ደግሞ እንዳትረሳ። በ2010 ዓለም ዋንጫ አጥቂው አኔልካ አሠልጣኙን ዶሜኔክን ሰድቦ ተባረረ፣ ተጫዋቾቹ ልምምድ አንሠራም ብለው አውቶብስ ውስጥ ተቀመጡ፣ ቡድኑ በአንዲት ነጥብ ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ አገሩ ገባ። በችሎታ ይታሙ ነበር እንዴ?

የማንቼው፦ እሷን እንኳን ለእኔ ተይልኝ። ዶሜኔክ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? የተጫዋቾቹን የአድማ መግለጫ ራሱ ተቀብሎ ለጋዜጠኞች አነበበላቸው! ይህ አለቃ ነው ፖስተኛ? ጠብማ ማንቼም ቤት ነበር። ማንቼ ቤት ግን ማን እንደሚጫወት የሚወስነው አንድ ሰው ነበር፣ ተጫዋቾቹም ያውቁታል። ጠቡ የሚያፈርሰው አለቃው ሲፈራ ነው። ለመሆኑ አንቺ እነዚያን ሁለቱን ምን አደረግሻቸው?

ሼፏ፦ ለያየኋቸው። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ።

የማንቼው፦ አየሽ! አላስታረቅሽም። ፈርጉሰን ሆንሽ ማለት ነው።

ሼፏ፦ ፈርጉሰንማ ለኮል ዮርክን ገዛለት። እኔ ለጠዋቱ ጥሩ ጓደኛ አገኘሁለት፣ አብረው እየሳቁ ነበር የሚሠሩት። የማታው ግን ብቻውን ቀረ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ለቀቀ። ከሁለቱ ጎበዙ ደግሞ እሱ ነበር።