እርጥብ ቅጠል ገምዳችሁ «የዓሣ ማጥመጃ ክር» እያላችሁ ሰው አታሳስቱ!

ወገን፣ ይሄን ነገር አይቶ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስልክ በተከፈተ ቁጥር አንዱ አረንጓዴ ቅጠል ይሰነጥቅና ጭኑ ላይ ሁለት ጊዜ አሽቶ «ከተፈጥሮ የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ክር» ይለናል። ጫፍና ጫፉን ይዞ ሳብ ያደርግና «ጥንካሬውን አያችሁ?» ብሎ ቪዲዮውን ይዘጋል። በማግስቱ ክሩ ምን እንደሆነ የሚያሳይ የለም። አይቶ የሞከረው ሰው ግን ክሩ ላልቶ፣ ውሃ ውስጥ ተፈትቶ፣ በመጀመሪያው ዓሣ ሲበጠስበት «የተፈጥሮ ክር አይረባም» ብሎ ይተወዋል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሙያው ምንም አልጎደለውም፤ ግማሹን ቆርጠው ጥለው ነው የሚያሳዩት።

ናይለን እኮ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ዱፖንት ኩባንያ ለሕዝብ ያስተዋወቀው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሰው ለብዙ ዘመን በሐር፣ በተልባ አገዳ ጭረት (ከዕፅዋቱ በሚወጣው ቀጭን ክር መሰል ነገር)፣ በሳማ ልጥ፣ በፈረስ ጭራ ሲያጠምድ ኖሯል። ዓሣም ይዟል።

ዋናው ጥፋት እርጥቡን መግመድ ነው። ማንኛውም የዕፅዋት ጭረት ሲደርቅ ይኮማተራል። እርጥብ እያለ ከተገመደ፣ ሲደርቅ እያንዳንዱ ጭረት ይቀጥናል፣ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ግምዱም ይላላል። ክሩን ክር የሚያደርገው በጭረቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ግምዱ ከላላ ሰበቃው ይጠፋል፣ ጭረቶቹም ሳይበጠሱ እርስ በርስ ተንሸራተው ይለያያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጭረቱን ማውጣት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ሊገመድ ሲል ብቻ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ማለስለስ ነው። ይህን ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ እሱን እንኳ አይሉትም።

ጭረት ማውጣቱም በጥፍር መሰንጠቅ አይደለም። ሳማ ከሆነ ረጅምና የጠና አገዳ ተመርጦ፣ በወፍራም ጓንት ቅጠሉ ተራግፎ፣ አገዳው ተጨፍልቆ ይከፈታል። ውስጡ ያለው እንጨት በየጣት ርዝመቱ እየተሰበረ ከልጡ ይላቀቃል። ቀጭን ክር የሚፈልግ ሰው ደግሞ አገዳውን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። እንደ ሙቀቱ ከ4 እስከ 10 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ተሕዋስያኑ ጭረቱን ከአገዳው ያጣበቀውን ፔክቲን ይበሉታል፤ ጊዜው ካለፈ ግን ወደ ጭረቱ ራሱ ይሻገራሉ። ስለዚህ በየቀኑ አንድ አገዳ አውጥቶ መሞከር ነው። ልጡ ያለ ትግል ሲላቀቅ በዚያው ቀን ይወጣል፣ ይታጠባል፣ እንዲደርቅ ይሰጣል። «ለአንድ ሳምንት ዘፍዝፉት» ብሎ መሄድ የሰው ልፋት ማበስበስ ነው። ቃጫ ግን መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ቅጠሉ ሳንቃ ላይ ተዘርግቶ በደነዘዘ ስለት ሥጋው ይፋቃል። በሰላ ቢላዋ ከተፋቀ ጭረቱ ይቆረጣል። ጭማቂው ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል፤ ይህንንም ማንም አያስጠነቅቅም፣ በባዶ እጅ ነው የሚያሳዩት!

ወደ ግመዳው እንምጣ። ጭረቱን ለሁለት ወገን ትከፍላላችሁ፤ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ወደ ቀኝ ታከሩና አንዱን በሌላው ላይ ወደ ግራ ታሻግራላችሁ። ሁለቱ ተቃራኒ ዙሮች ስለሚተሳሰሩ ክሩ ሲለቀቅ አይፈታም። ቪዲዮ ላይ ግን አንዱ ወገን ቀጥ ብሎ ሌላው እንደ ሐረግ ሲጠመጠምበት ትልቅ አድርገው እያሳዩን «በጣም ጥሩ» ይላሉ። ምንም ጥሩ አይደለም! ጭነቱን የሚሸከመው ቀጥ ያለው ወገን ብቻ ነው፤ የክሩ ግማሽ ያለ ሥራ ተቀምጧል ማለት ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ውፍረት፣ እኩል ክረት፣ እኩል ውጥረት ሊኖረው ይገባል። ሲበዛም ጉዳት አለው፦ ከልክ በላይ የከረረ ክር ይቋጠራል፣ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ጭረቶቹም ገና ዓሣ ሳይነካቸው ተጨንቀዋል።

ውፍረቱስ? 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር ገምዶ የዓሣ ክር ማለት ምንድን ነው? እሱ ሲባጎ ነው፤ ፍየል እሰሩበት። ለማጥመጃ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው የሚፈለገው። ከቃጫ ሲሠራ በየወገኑ ከ6 እስከ 8 ጭረት ገደማ ማለት ነው፤ ተቆጥሮ። ለ3 ሜትር ክር በየወገኑ ከ4 ሜትር በላይ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፣ ግመዳው ርዝመት ይበላልና። ርዝመት ደግሞ አታብዙ። ይህ ክር ሸምበቆ ወይም ዘንግ ጫፍ ላይ ታስሮ የሚሠራ ነው፤ ማጠንጠኛ ላይ ጠቅልሎ ሩቅ ለመወርወር አይሆንም።

አቀጣጠል ላይ ሁሉም ያበላሻሉ። ጭረቱ ካለቀ በኋላ አይደለም የሚቀጠለው፤ መሳሳት ሲጀምር ነው። አዲሱ ጭረት ጫፉ ቀጥኖ፣ ከነባሩ ጋር ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ተደርቦ ይገባል። የሁለቱ ወገን ቅጥያ ደግሞ ፈጽሞ አንድ ቦታ ላይ መዋል የለበትም፤ ቢያንስ በአንድ ስንዝር ይራራቅ። ለዚህ ነው ሲጀመር አንዱን ወገን አጭር ማድረግ የሚያስፈልገው። ተበጠሰ የሚባለው ክር ብዙ ጊዜ ሁለት ቅጥያ የተገናኙበት ቦታ ነው የሚለቀው።

አሁን ደግሞ ትልቁ ማሳሳቻ፦ በደረቁ መፈተን። ክሩ የሚሠራው ውሃ ውስጥ ነው እኮ! የተልባና የሳማ ጭረት ሲረጥብ ይበልጥ ይጠነክራል። ሐር ይደክማል። የፈረስ ፀጉርም ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ጥንካሬው ይቀንሳል። ጅማት ይለሰልስና ይንሸራተታል። በደረቁ አንደኛ የወጣው ውሃ ውስጥ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ደግሞ ቀላል ነው። ክሩን ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ መንጠቆ በምታስሩበት ቋጠሮ ባዶ ጀሪካን እሰሩበት፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉትና ግማሽ ግማሽ ሊትር እየጨመራችሁ ሙሉት። 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው፤ ሌላ ሚዛን አያስፈልግም። በ6 ኪሎ ከተበጠሰ 2 ኪሎ ብቻ እመኑት፣ ምክንያቱም ዓሣ በድንገት ይመነጭቃል እንጂ እንደ ጀሪካን ቀስ ብሎ አይከብድም። የተበጠሰበትን ቦታም እዩ። ቋጠሮው ላይ ከሆነ ክሩ ደህና ነው፣ ቋጠሮው ይቀየር። ቅጥያው ላይ ከሆነ አደራረቡ አጭር ነው። ሳይበጠስ ተንሸራትቶ ከተለያየ ክረቱ አንሷል።

ስለ ፈረስ ጭራ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ያላግባብ የተናቀ ነው። ወንድ ፈረስ የሚመረጠው የሴቷ ጭራ በሽንት ስለሚጎዳ ነው። ነጩ ውሃ ውስጥ ብዙም አይታይም። ፀጉሩ አንድ በአንድ ተስቦ ይፈተናል፣ ውፍረታቸው የሚመሳሰል ብቻ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ ይገመዳል። ዘንጉ በኩል 12 ፀጉር፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 6፣ መንጠቆው ጋ 3 እያደረጉ ማቅጠን ይቻላል። ዓሣው ካየለ ጫፉ ብቻ ይበጠሳል፣ ሌላው ክር ይተርፋል።

ከአጠመዱ በኋላም ሥራ አለ። ክሩ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ተዘርግቶ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ እርጥቡን ጠቅልሎ ያስቀመጠው ሻግቶ ያገኘዋል። ሲደርቅ ንብ ሰም ይታሻል። የተልባ ዘይት የምትቀቡ ደግሞ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፣ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ደግሞ «ተፈጥሮ ስለሆነ ቢጣልም ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። ሰም የጠጣ ክር በአንድ ሌሊት አይበሰብስም፣ እስኪበሰብስ ድረስ የወፍ እግር ያስራል። የተበጠሰውን ሰብስባችሁ፣ በየጣት ርዝመቱ ቆራርጣችሁ ቅበሩት።