ብክነቱ ሌብነት ብቻ አይደለም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የመንግሥት ገንዘብ ባከነ ሲባል ጥፋቱን ሁሉ በሌብነት ላይ ያላክካል። እኔ አልስማማም። ኢኮኖሚስቷ ኦሪያና ባንዲዬራ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። የጣሊያን መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ለምሳሌ ጠረጴዛ ወይም ኮምፒውተር፣ በስንት እንደገዙ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የዋጋው ልዩነት ያስደነግጣል። ከብክነቱ ግን 83 በመቶ ያህሉ ማንም ኪሱ የከተተው አልነበረም! ዋጋ ሳያጣራ ወይም ደንቡን ፈርቶ ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው ያመጣው ነው። ሌባው ይጠየቅ፣ በዚህ አልከራከርም። ግን የግዢ ሠራተኛው በርካሽ ቢገዛ ምን ያገኛል? በብዙ መሥሪያ ቤት የተረፈ በጀት ተመላሽ ይሆናል፤ ለከርሞም ይቀነሳል። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይሄ ነው።